የባዜቃ ጠብታ፤ የፕሮፌሰር ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ ሕይወትና ሥራ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም የአንድ ስመ ጥር ሊቅ የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ ታሪኩም ምልክት ሳይለጠፍበት በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የደረሰውን ለውጥ ከሚያሳውቁት አዳዲስ ዘዴዎች ጋር የተያያዘ እንዲሆን አሳስቦኝ ነበር። ብዙዎች ባልደረቦቼ የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ካገኙት ሊቃውንት አንዱን እንደምመርጥ ጠብቀው ይሆናል። በእኔ ሐሳብ የመጣው ግን የአንድ የፕራግ ከተማ ሰው ስም ነው። እኚህ ሰው ሐኪም አልነበሩም፤ ሙያቸውም የዘር ውርስ ጥናት አልነበረም። የዕድሜያቸውን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፉት ከቀጭን የመስተዋት ቱቦ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ባዜቃ በመመልከት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በኤሌክትሪክ ኃይል አማካይነት በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የደረሰውን የአንዲት ፊደል ለውጥ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ሁሉ ወደ ኋላ ቢከተሉት ከእኚህ ሰው ደጃፍ ያደርሳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እለምናለሁ።

ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ ዲሴምበር 20 ቀን 1890 በፕራግ ከተማ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ፕራግ በኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። አባታቸው ሊዮፖልድ ሄይሮቭስኪ በቼክ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊት ሮማ ሕግ መምህር ሲሆኑ፣ ያሮስላቭ የቤቱ አምስተኛ ልጅ ነበሩ። የሕግ ሊቅ ልጅ ቢሆኑም ልባቸው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ያዘነበለ ስለ ነበረ፣ በ1909 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ማጥናት ጀመሩ። አንድ ዓመት ብቻ እንደ ቆዩም ወደ ለንደን ተሻግረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ።

ወደ ለንደን የሳባቸው የሰር ዊልያም ራምዚ ዝና ነበር። ራምዚ በአየር ውስጥ የተሠወሩትን ጋዞች አግኝተው በ1904 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሊቅ ናቸው። ለወጣቱ ተማሪ የወደፊት መንገዱን የቀየሱለት ግን ራምዚን የተኩት ፕሮፌሰር ዶናን ሆኑ። ሄይሮቭስኪ በ1913 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እንደ ተቀበሉ ዶናን በአልሙኒየም ላይ ምርምር እንዲያደርጉ ሰጧቸው። አልሙኒየም ግን አስቸጋሪ ብረት ነው፤ አየርና ውኃ በነካው ቁጥር ገጹ ወዲያው በስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚለበስ በኤሌክትሪክ የሚደረገው ልኬት ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ዶናን አልሙኒየሙን በባዜቃ ውስጥ አሟሙተው እንደ ጸጉር በቀጠነ ቱቦ እንዲያንጠባጥቡት መከሯቸው። ጠብታ በወደቀ ቁጥር ሌላ አዲስ ገጽ ይተካልና ሽፋኑ ለመጠንከር ጊዜ አያገኝም። ይህ ምክር ያን ጊዜ የታሰበውን ያህል ውጤት አላስገኘም። የሚንጠባጠበው ባዜቃ ግን ከወጣቱ ሐሳብ አልጠፋም።

በ1914 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ወደ ለንደን የሚወስደው መንገድም ተዘጋ። ሄይሮቭስኪ በጦር ሠራዊት ሆስፒታል የመድኃኒት ቀማሚና የራጅ ሠራተኛ ሆነው ተመደቡ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በሆስፒታል ላቦራቶሪና ፋርማሲ የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ የዚህን ሙያ ድካም በአራት ዓመት ጦርነት ውስጥ የቀመሱ መሆናቸውን ማስታወሱ አይከፋም። ሥራው ፋታ በሰጣቸው ጊዜ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አዘጋጅተው በ1918 ዓ.ም. ለፈተና ቀረቡ።

ከፈታኞቹ አንዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ቦሁሚል ኩቼራ ነበሩ። ኩቼራ የባዜቃ ጠብታ በኤሌክትሪክ ግፊት ሥር ሲሆን ክብደቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለብዙ ጊዜ ሲያጠኑ የቆዩ ሲሆን፣ በልኬታቸው ውስጥ ሊያስረዱት ያልቻሉት አንድ እንግዳ ነገር አጋጥሟቸው ነበር። በፈተናው ላይ የጠየቁትም ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ወጣቱን ወደ ቤተ ሙከራቸው ጋበዟቸው። በእኔ ግምት የሳይንስ ታሪክ የዚህን ግብዣ ዋጋ አሳንሶ ነው የሚያየው። ኩቼራ በ1921 ዓ.ም. ስለ ሞቱ የጥያቄያቸውን መልስ ለማየት አልበቁም። ይህም ሆኖ ያልገባቸውን ነገር ሳይደብቁ ለተማሪ አሳልፈው የሰጡ ሰው ናቸው።

ሄይሮቭስኪ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ለሚያየው ሰው እጅግ አሰልቺ ነበር። ጠብታ መቁጠር፣ ጠብታ መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ መመዘን፤ ቮልቴጁን ጥቂት ከፍ አድርጎ እንደገና መቁጠር። ከብዙ ወራት ድካም በኋላ ግን አንድ ቀላል ሐሳብ መጣላቸው። ጠብታውን ከመመዘን ይልቅ በጠብታው ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ለምን አልለካም አሉ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1922 የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ አቅርበው፣ ባዜቃውን እያንጠባጠቡና ቮልቴጁን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረጉ የጋልቫኖሜትሩን ንባብ በወረቀት ላይ አሰፈሩ። የተገኘው መሥመር ቀጥ ብሎ የሚወጣ አልነበረም፤ እንደ ደረጃ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ተኝቶ ይሄድና ድንገት ይነሣል፤ ደግሞም ይተኛል።

የዚህ ደረጃ ትርጉም ለሙያ ባልደረቦቼ የተሠወረ ባይሆንም ጠቅለል አድርጌ ልግለጸው። በፈሳሹ ውስጥ የሚገኝ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን የሚቀበልበት የራሱ የሆነ ቮልቴጅ አለው። ቮልቴጁ ከዚያ ሲደርስ ንጥረ ነገሩ ኤሌክትሮን መቀበል ስለሚጀምር ጅረቱ ይነሣል። በጠብታው ዙሪያ ያለው ንጥረ ነገር ሲያልቅ ደግሞ፣ ጅረቱ ከሩቅ እየተጓዘ በሚመጣው መጠን ብቻ ስለሚወሰን መሥመሩ ይተኛል። እንግዲህ ደረጃው የተነሣበት ስፍራ የንጥረ ነገሩን ማንነት፣ የደረጃው ቁመት ደግሞ ብዛቱን ይናገራል። ቀለም መጨመር፣ ዝቃጭ ማጥለልና መመዘን ሳያስፈልግ በአንድ መሥመር ብቻ ሁለት ጥያቄዎች ተመለሱ። ጠብታው በየጥቂት ሴኮንዱ ስለሚታደስም ያለፈው ልኬት የሚመጣውን አያቆሽሸውም።

ግኝቱ በዚያው ዓመት በቼክ ቋንቋ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ታተመ። ነገር ግን አንዱን መሥመር ነጥብ በነጥብ ለመሣል ረዥም ሰዓት ይፈጅ ነበር። ይህን ችግር ያቃለሉት ከሄይሮቭስኪ ጋር ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ማሱዞ ሺካታ ናቸው። ሁለቱ ሊቃውንት በ1924 ዓ.ም. ቮልቴጁ በራሱ ከፍ እያለ፣ ከጋልቫኖሜትሩ መስተዋት የሚንጸባረቀው ብርሃንም በሚዞር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ መሥመሩን እንዲሥል አደረጉ። መሣሪያውንም ፖላሮግራፍ አሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ መዝግቦ የሚያቀርብ የኬሚስትሪ መሣሪያ በዚያ ዘመን እምብዛም አልነበረም። በዛሬው ላቦራቶሪ ናሙና አግብተን ውጤቱን ታትሞ የምንቀበልባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ከቀደምት አያቶቻቸው መካከል ይህን ይቆጥራሉ። የሺካታ ስም ግን ከጃፓን ውጭ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል።

ሄይሮቭስኪ በ1926 ዓ.ም. በቻርልስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዓመት ማሪ ኮራኖቫን አግብተው ዪትካና ሚካኤል የተባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ። በ1929 ዓ.ም. ከኤሚል ቮቶቼክ ጋር ሆነው የቼኮዝሎቫኪያ ኬሚስቶች ሥራ በውጭ ቋንቋዎች የሚታተምበትን መጽሔት መሠረቱ። ይህ ተግባራቸው ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው ይመስለኛል። የአንዲት ትንሽ አገር ምሁራን በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ቢጽፉ ማንም እንደማያነባቸው፣ በሌሎች መጽሔቶች ብቻ ቢጽፉ ደግሞ የአገራቸው ስም እንደሚጠፋ በመገንዘብ ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ ፈለጉ። ከልዩ ልዩ አገሮችም ተማሪዎች ወደ ፕራግ ይመጡ ጀመር። ስሎቫካዊው ተማሪያቸው ዲዮኒዝ ኢልኮቪች በ1934 ዓ.ም. የደረጃውን ቁመት ከንጥረ ነገሩ ብዛት ጋር የሚያስተሳስረውን የሒሳብ ቀመር አገኙ። ከዚያ በኋላ ፖላሮግራፊ በጽኑ የሒሳብ መሠረት ላይ ቆመ።

አሁን ለሙያችን ታላቅ ማስጠንቀቂያ ወደ ሆነው ምዕራፍ እመጣለሁ። ሌላው የሄይሮቭስኪ ደቀ መዝሙር ሩዶልፍ ብርዲችካ በ1933 ዓ.ም. ኮባልት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲን ሲጨመር በፖላሮግራፉ ላይ ልዩ የሆነ ጉብታ እንደሚታይ አስተዋሉ። ምክንያቱ በፕሮቲኑ ውስጥ ያለው ድኝ ነበር። ጥቂት የደም ጠብታ ለዚህ ምርመራ ይበቃ ነበር። የነቀርሳ በሽተኞችን ደም ከጤነኞች ደም ጋር ሲያስተያዩ የጉብታው ቁመት ልዩነት አሳየ፤ ይህንኑም በ1937 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቁ። የደስታው መጠን ሊገመት ይችላል። በአንዲት ጠብታ ደም ካንሰርን ማወቅ ማለት ነበርና ብዙ ሆስፒታሎች ዘዴውን ሞከሩት። ውሎ አድሮ ግን ያው ልዩነት በልዩ ልዩ ብግነትና በሌሎችም ሕመሞች እንደሚታይ ታወቀ። መሣሪያው የለካው እውነት ነበር፤ በደሙ ውስጥ የተለወጠ ፕሮቲን አለ። ይህ ለውጥ የካንሰር ብቻ ነው የተባለው ግን እውነት አልነበረም። የመሣሪያ ንባብና የበሽታ ፍርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ስንነጋገር እንደገና እመለስበታለሁ።

በ1939 ዓ.ም. የናዚ ጦር ፕራግን ያዘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን የቼክ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ ተዘጉ፤ ዘጠኝ የተማሪዎች መሪዎችና መምህራን ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ከ1,200 የሚበልጡ ተማሪዎችም ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ቀን የሚታሰበው በዚህ ዕለት መታሰቢያነት ነው። የሄይሮቭስኪ ተቋምም በጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገባ። ሆኖም ቦታውን የተረከቡት ፕሮፌሰር ዮሐን ቦም ናዚዎችን የሚጠሉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሄይሮቭስኪ በቤተ ሙከራቸው እንዲቀጥሉ ፈቀዱላቸው። የተማሪዎቹ አዳራሽ ተዘግቶ፣ ባልደረቦች ታስረው ሳለ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ባዜቃ ማንጠባጠብ ከባድ የኅሊና ጥያቄ እንደሚያስነሣ ግልጽ ነው። በሩቅ ሆኜ ልፈርድበት አልደፍርም። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ለዛሬው ርእሳችን ወሳኝ የሆነ ነገር ተወለደ።

ሄይሮቭስኪ ከፎሬይት ጋር ሆነው ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ በባዜቃው ጠብታ ውስጥ ተለዋዋጭ ጅረት እያሳለፉ፣ የጠብታውን ቮልቴጅ ለውጥ በኦሲሎስኮፕ መስኮት ላይ ይመለከቱ ጀመር። የቀድሞው ፖላሮግራፍ አንዱን መሥመር ለመሣል ደቂቃዎች ሲፈጅ፣ ይህ አዲሱ ዘዴ በሴኮንድ ክፍልፋይ ውስጥ ሙሉውን ሥዕል በመስኮቱ ላይ ይዘረጋል። አንድ ንጥረ ነገር በጠብታው ገጽ ላይ ኤሌክትሮን ሲቀበል ወይም ሲሰጥ በክብ መሥመሩ ላይ ሸርተት ያለ ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። ከሁሉም በላይ ዘዴው በጠብታው ገጽ ላይ ለሚጣበቁ ትላልቅ ሞለኪዩሎች ልዩ ስሜት ነበረው። ኦሲሎግራፊክ ፖላሮግራፊ ተባለ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የፖላሮግራፊ ማዕከላዊ ተቋም በፕራግ ተመሠረተ፤ ሄይሮቭስኪም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተቋሙ በቼኮዝሎቫኪያ የሳይንስ አካዳሚ ሥር ገባ። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የፖላሮግራፊ ጉባኤ በፕራግ ተሰበሰበ። ብረት ማቅለጫዎች የብረትን ጥራት፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የመድኃኒትን ንጽሕና፣ የጤና ባለሥልጣናት በውኃና በምግብ ውስጥ የሚገኘውን እርሳስና ካድሚየም በዚሁ ዘዴ ይመረምሩ ነበር። የኖቤል ኮሚቴ ግን አልቸኮለም። ሽልማቱ የተሰጣቸው ዲሴምበር 1959 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የደረጃ መሥመር ከተሣለ 37 ዓመት አልፎ ነበር። ሄይሮቭስኪ 69 ዓመት ሊሞላቸው አሥር ቀን ሲቀራቸው በስቶክሆልም ቆሙ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ነገር ከፕራግ ወጥቶ ወደ ብርኖ ከተማ ይወስደናል። ብርኖ መነኩሴው ግሪጎር ሜንዴል በገዳማቸው የአትክልት ስፍራ የአተር ዘር እየቆጠሩ የዘር ውርስን ሕግ ያገኙባት ከተማ ናት። በዚህችው ከተማ በባዮፊዚክስ ተቋም የሚሠሩት ወጣቱ ኤሚል ፓሌቼክ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ዲ.ኤን.ኤ.ን በኦሲሎግራፊክ ፖላሮግራፊ ለመመርመር ተነሡ። የዲ.ኤን.ኤ. ጥምዝ መሰላል ቅርጽ ከታወቀ ገና አምስት ዓመት ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ዲ.ኤን.ኤ.ን በተለመደው ፖላሮግራፊ የሞከሩ ሌሎች ሊቃውንት ሞለኪዩሉ በባዜቃ ላይ ምንም ምልክት አይሰጥም ብለው ነበር። ፓሌቼክ በ1958 ዓ.ም. በኦሲሎስኮፑ መስኮት ላይ ምልክቱን አዩ። ከአራቱ የዲ.ኤን.ኤ. ፊደሎች አዴኒንና ሳይቶሲን ኤሌክትሮን ይቀበላሉ፤ ጉዋኒን ደግሞ በመልስ ጉዞ የራሱን ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ቀለም አልተጨመረም፤ በጨረር የሚያበራ ንጥረ ነገርም አልተለጠፈም። ዲ.ኤን.ኤ. በራሱ አንደበት ተናገረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በ1960 ዓ.ም. ያስታወቁት ነው። ሁለቱ የዲ.ኤን.ኤ. ክሮች ተጋጥመውና ተጠማዘው ሳሉ ፊደሎቹ ወደ ውስጥ ስለሚከተቱ ምልክታቸው እጅግ ደካማ ነው። በሙቀት ሲለያዩ ግን ፊደሎቹ ወደ ገጽ ስለሚወጡ ምልክቱ በብርቱ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር የኤሌክትሪኩ ጅረት ዲ.ኤን.ኤ. መኖሩን ብቻ ሳይሆን ክሮቹ ተጋጥመው ወይም ተለያይተው መሆናቸውን ጭምር ይናገራል። የዘር ለውጥን ያለ ምልክት ማወቅ የሚቻልበት በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። ሄይሮቭስኪ በዚህ ጊዜ በሕይወት ነበሩ። በናዚ ዘመን በአንድ ክፍል ውስጥ የተወለደው መሣሪያ ከሃያ ዓመት በኋላ በሜንዴል ከተማ ዲ.ኤን.ኤ.ን ሲያናግር ለማየት በቁ።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም የሚመጣው ሄሞግሎቢንን ከሚሠራው ዘረ መል ውስጥ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ነው። በስድስተኛው ኮዶን ውስጥ የሚገኘው አዴኒን በታይሚን ይተካል፤ ከዚህም የተነሣ በፕሮቲኑ ውስጥ ግሉታሚክ አሲድ ወርዶ ቫሊን ይገባል። ሦስት ቢሊዮን ከሚያህሉት የሰው ዘር ፊደሎች መካከል አንዲቷ ተሳስታ ሰውን ዕድሜውን ሙሉ ለሥቃይ ትዳርጋለች። ይህችን አንዲት ፊደል ለመያዝ አጭር የዲ.ኤን.ኤ. ክር በኤሌክትሮድ ላይ ይተከላል፤ ክሩም የትክክለኛው ዘር ተጋጣሚ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ከበሽተኛው የተወሰደው ዲ.ኤን.ኤ. ፊደሉ በሙሉ ከገጠመ አጥብቆ ይያያዛል። አንዲት ፊደል ከተፋለሰች ግን ግጥምጥሙ ስለሚላላ፣ ሙቀቱና ጨዉ በሚገባ ተመጥኖ ሲታጠብ ተላቆ ይሄዳል። የቀረው ጥያቄ መጋጠሙን ያለ ቀለም እንዴት እንወቅ የሚለው ነው።

በየዕለቱ የምንጠቀምባቸው ዘዴዎች መልሳቸው ቀለም ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሪፋምፒሲንን ለመቋቋም የሚያስችለውን የዘር ለውጥ የሚመረምረው፣ በብዙ ጤና ተቋሞቻችን የሚገኘው መሣሪያ የሚሠራው በሚያበሩ ቀለሞች ነው። በጣም ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን የማይመሰክር የለም፤ ካርትሬጁ ግን ከውጭ አገር የሚመጣ፣ ዋጋውም የማይናቅ ነው። ምልክት አልባ ዘዴዎች ይህን ቀለም ለማስቀረት ይጥራሉ። አንዳንዶቹ የዲ.ኤን.ኤ.ን ክብደት ይለካሉ፤ በሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ክርስታል ላይ ክር ሲጨመር ንዝረቱ ይቀንሳል። ሌሎቹ በስስ ወርቅ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን አቅጣጫውን መለወጡን ይመለከታሉ። የፓሌቼክን መንገድ የተከተሉት ደግሞ የጉዋኒንን የኤሌክትሪክ ምልክት ያዳምጣሉ። በዘጠናዎቹ ዓመታት ጆሴፍ ዋንግ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በኤሌክትሮዱ ላይ በሚተከለው ክር ውስጥ ጉዋኒንን በሙሉ አውጥተው ኢኖሲን በተባለ ተመሳሳይ ተኩት። ኢኖሲን እንደ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ይጋጠማል፤ ምልክቱ ግን ከጉዋኒን ተለይቶ ይታያል። እንግዲህ የጉዋኒን ምልክት ከታየ ከበሽተኛው ከመጣው ክር በቀር ምንጭ ሊኖረው አይችልም። ይህን ዘዴ ባነበብሁ ቁጥር ቀላልነቱ ያስደንቀኛል።

እዚህ ላይ ግን የብርዲችካን ታሪክ አስታውሳለሁ። ምልክት አልባ የሆነ መሣሪያ በገጹ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ይለካል። ክብደት ከሆነ የሚለካው የደም ፕሮቲንም ክብደት አለው፤ ጉዋኒን ከሆነ የሚለካው የማይፈለገው ዲ.ኤን.ኤ.ም ጉዋኒን አለው። ቀለሙ ዋጋ ቢያስከፍልም የሚፈለገውን ከማይፈለገው ይለይ ነበር፤ ቀለሙ ሲቀር የመለየቱ ሸክም በሙሉ በገጹ ዝግጅትና በአጠባው ላይ ይወድቃል። ከዚህም በላይ ከሰው ደም በቀጥታ የሚገኘው ዲ.ኤን.ኤ. መጠኑ አነስተኛ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በፒ.ሲ.አር. መባዛት አለበት። በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ አስደናቂ ውጤት ያሳዩ ብዙ ባዮሴንሰሮች ከሆስፒታል ደጃፍ ሳያልፉ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ መሣሪያ በቀረበልን ጊዜ በንጹሕ ናሙና የተገኘውን ቁጥር ሳይሆን በበሽተኞች ደም የተገኘውን ቁጥር መጠየቅ የእኛ የሙያ ግዴታ ይመስለኛል።

ሆኖም ከቤተ ሙከራ የወጡም አሉ። በ2011 ዓ.ም. ለዓለም የተገለጸው አንድ የዲ.ኤን.ኤ. ማንበቢያ ቺፕ አዲስ ፊደል በክሩ ላይ ሲቀጠል የሚለቀቀውን ሃይድሮጂን አዮን ብቻ በመለካት ያለ ቀለምና ያለ ብርሃን ዘርን ያነባል። ዲ.ኤን.ኤ.ን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የጅረቱን መውጣትና መውረድ የሚያነበው መሣሪያ ደግሞ በሻንጣ የሚያዝ በመሆኑ በ2015 ዓ.ም. በጊኒ የኢቦላን ቫይረስ የዘር ለውጥ በስፍራው ለመከታተል አገልግሏል። እነዚህ መሣሪያዎች የባዜቃው ጠብታ ቀጥተኛ ልጆች አይደሉም፤ ሊቃውንቱም በሌላ መንገድ ደርሰውባቸዋል። የጅረትን መነሣትና መውደቅ አንብቦ የሞለኪዩልን ማንነት መናገር ግን በ1922 ዓ.ም. በፕራግ የተጀመረው ሥራ ነው።

ባዜቃው ራሱ ዛሬ ከላቦራቶሪ እየወጣ ነው። እኔ ተማሪ በነበርሁበት ዘመን የፈሰሰውን ባዜቃ በወረቀት እየገፋን ከወለሉ ስንሰበስብ በእጃችን እናንከባልለው ነበር፤ መርዛምነቱን ማንም በብርቱ አላስጠነቀቀንም። በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አገሮች የባዜቃን አጠቃቀም እንዲቀንሱ ያስገድዳል። በምትኩ ወርቅ፣ ካርቦን፣ የቢስሙዝ ሽፋንና ጠጣር አማልጋም ገብተዋል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በየጥቂት ሴኮንዱ ራሱን የሚያድስ ገጽ እስከ ዛሬ የሰጠን ባዜቃ ብቻ ነው። ዶናን ለአልሙኒየሙ የፈለጉት መድኃኒት ይኸው ነበር፤ የዛሬዎቹም የባዮሴንሰር ሠራተኞች ሌሊትና ቀን የሚታገሉት ከዚሁ ከገጽ መቆሸሽ ጋር ነው።

ፕሮፌሰር ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ ማርች 27 ቀን 1967 በ76 ዓመታቸው በፕራግ ከተማ ዐረፉ። የቼክ ሕዝብ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በቪሼህራድ መካነ መቃብር ተቀብረዋል። ልጃቸው ሚካኤል የአባታቸውን ሙያ ተከትለው በኤሌክትሮኬሚስትሪ ሲመራመሩ ኖረው በ2017 ዓ.ም.፣ ኤሚል ፓሌቼክም በሚቀጥለው ዓመት በ2018 ዓ.ም. አርፈዋል። በፕራግ የሚገኘው የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም በሄይሮቭስኪ ስም ይጠራል፤ በብርኖ ያለው የባዮፊዚክስ ተቋምም ዲ.ኤን.ኤ.ን በኤሌክትሪክ የማጥናቱን ሥራ አላቋረጠም።